የጡረታ ገንዘቤን ማንን ላማክር? አሜሪካ ለምንኖር ኢትዮጵያውያን ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እነዚህን ጥያቄዎች የሰበሰብኳቸው ከሰው አፍ ነው። ከልቅሶ ቤት፣ ከቅዳሴ በኋላ ከሚጠጣ ቡና፣ ኤርፖርት ወረፋ ከሚጠብቁ የኡበር ሾፌሮች። እኔ ፈቃድ ያለኝ የፋይናንስ አማካሪ አይደለሁም። የምሸጠውም ነገር የለም። ግን በዚህ ጉዳይ ገንዘብ አጥቼ ተምሬያለሁ፤ ሌላው ሰው በዚያው መንገድ እንዲማር አልፈልግም። ቁጥሮቹ የ2025 ናቸው። አብዛኞቹ በየዓመቱ ስለሚሻሻሉ ከመወሰንዎ በፊት የዓመቱን ይመልከቱ።

«ገለልተኛ አማካሪ» ሲባል ምን ማለት ነው?

ክፍያውን ከእርስዎ ብቻ የሚቀበል ማለት ነው። ከኢንሹራንስ ድርጅት ወይም ከኢንቨስትመንት ኩባንያ ኮሚሽን የማይቆረጥለት።

እዚህ አገር «ፋይናንሻል አድቫይዘር» የሚለውን ስም ቢዝነስ ካርዱ ላይ የሚያሳትመው ብዙ ዓይነት ሰው ነው። አንዱ የኢንሹራንስ ኤጀንት ነው። አንዱ አክሲዮን የሚያሻሽጥ ብሮከር ነው። ሌላው ደግሞ «ሬጂስተርድ ኢንቨስትመንት አድቫይዘር» የሚባለው ነው። ሦስቱም ከረባት አስረው፣ ላፕቶፕ ይዘው፣ ተመሳሳይ ግራፍ ያሳዩዎታል። በሕግ ፊት ግን አንድ አይደሉም።

ሦስተኛው በ1940 የወጣ የፌዴራል ሕግ ይገዛዋል። ሕጉ «ፊዱሺያሪ» የሚባል ግዴታ ይጥልበታል። በእኛ ቋንቋ ቆንጆ ስም አለው፦ ባለአደራ። የደንበኛውን ጥቅም ከራሱ ጥቅም ማስቀደም አለበት፤ የጥቅም ግጭት ካለበት ደግሞ መናገር አለበት። ብሮከርም ከ2020 ጀምሮ ምክር በሚሰጥበት ሰዓት የደንበኛውን ጥቅም እንዲያስቀድም ደንብ ወጥቶበታል። ነገር ግን ኮሚሽን መቀበሉ አልቀረም፤ ከሸጠልዎት በኋላም ገንዘብዎን የመከታተል ግዴታ በአብዛኛው የለበትም። የኢንሹራንስ ኤጀንቱን የሚቆጣጠረው የየስቴቱ የኢንሹራንስ ሕግ ነው።

ኮሚሽን የሚቀበል ሁሉ ሌባ ነው አላልኩም። በጣም ጨዋ የሆኑ አውቃለሁ። ግን ጫማ ሻጭ ዘንድ ሄደው «ጫማ ያስፈልገኛል ወይ?» ብለው ቢጠይቁ መልሱን አስቀድመው ያውቁታል።

«ፊ ኦንሊ» እና «ፊ ቤዝድ» አንድ አይደሉም እንዴ?

አይደሉም። ብዙ ሰው የሚሸወደውም እዚህ ላይ ነው። «ፊ ኦንሊ» ማለት ደንበኛው ከሚከፍለው ሌላ ምንም አይቀበልም ማለት ነው። «ፊ ቤዝድ» ከሆነ ግን ከእርስዎም ያስከፍላል፣ ምርት ሲሸጥም ኮሚሽን ሊወስድ ይችላል። ስልክ ላይ በፍጥነት ሲነገር ልዩነቱ አይሰማም። ስለዚህ ቃሉን ይተዉትና በቀጥታ ይጠይቁ፦ «ከእኔ ውጭ የሚከፍልዎ ሰው ወይም ድርጅት አለ?»

ስንት ያስከፍላሉ? አንድ ፐርሰንት ብዙ ነው?

አከፋፈሉ ይለያያል። በሰዓት የሚያስከፍል አለ፤ ብዙ ጊዜ ከ200 እስከ 400 ዶላር ይሆናል። ለአንድ ሙሉ ፕላን ቁርጥ ዋጋ የሚጠይቅ አለ። በጣም የተለመደው ግን ከሚያስተዳድረው ገንዘብ በዓመት አንድ ፐርሰንት አካባቢ መውሰድ ነው።

አንድ ፐርሰንት ሲሉት ትንሽ ይመስላል። እስኪ እናስላው። በወር 500 ዶላር ለ30 ዓመት አስቀመጡ እንበል። በዓመት በአማካይ 7 ፐርሰንት ቢያድግ ወደ 610,000 ዶላር ይደርሳል። አንዱን ፐርሰንት አማካሪው ከወሰደና ለእርስዎ 6 ብቻ ከቀረ ወደ 502,000 ይሆናል። ልዩነቱ ከ100,000 ዶላር በላይ ነው። በ30 ዓመቱ ውስጥ ከኪስዎ ያወጡት ጠቅላላ ገንዘብ ራሱ 180,000 ነው!

ይህ ማለት አማካሪ አያስፈልግም ማለት አይደለም። ታክስዎን በደንብ የሚያቅድልዎ፣ ገበያው ሲወድቅ ደንግጠው እንዳይሸጡ የሚይዝዎ ሰው ዋጋውን ሊያወጣ ይችላል። ግን የሚሠራው ገንዘብዎን ሁለት ሦስት ፈንድ (የብዙ ሰው ገንዘብ ተሰብስቦ አክሲዮንና ቦንድ የሚገዛበት) ውስጥ አስገብቶ በዓመት አንዴ «እንኳን አደረሰዎ» ማለት ብቻ ከሆነ፣ ይኼን ያህል አይከፈልበትም። ለእንደኛ ዓይነቱ ኑሮ በሰዓት ወይም በቁርጥ የሚሠራ አማካሪ ይሻላል ብዬ አምናለሁ። አንዴ ይከፍላሉ፣ ፕላንዎን ይዘው ይሄዳሉ፣ ከሁለት ሦስት ዓመት በኋላ ተመልሰው ያሳዩታል።

ደግሞ የአማካሪው ክፍያ ከፈንዱ ክፍያ የተለየ ነው። ፈንዱም ለራሱ ይቆርጣል። ገበያውን ዝም ብሎ የሚከተለው ኢንዴክስ ፈንድ ከሆነ በዓመት 0.10 ፐርሰንት የማይሞላ ብዙ አለ። ከአንድ ፐርሰንት በላይ የሚቆርጥም አለ። ሁለቱን ደምረው ይዩት።

ጓደኛዬ ኢንሹራንስ ለሪታየርመንት ይሆናል እያለች ነው። ልፈርም?

ዛሬ አይፈርሙ።

የራሴን ልንገራችሁ። አንድ እሁድ ከሰዓት የቤተሰብ ወዳጅ የሆነ ሰው ቤታችን መጣ። ባለቤቴ ቡና አፈላች። ሰውየው ስለ ልጆች ጠየቀ፣ ስለ አገር አወራን። ከዚያ ከቦርሳው አቃፊ አወጣ። ወረቀቱ ላይ ወደ ላይ ብቻ የሚወጣ ሰማያዊ መስመር ነበር። «ገበያው ሲወጣ ትወጣለህ፣ ሲወርድ አትወርድም» አለኝ። ሁለተኛው ስኒ ሳይቀዳ ፈረምኩ። በወር 350 ዶላር። ለአራት ዓመት ስከፍል 16,800 ዶላር ገባ። ከዚያ ሥራ ሲቀዘቅዝ ልተወው ብዬ ደወልኩ። በእጄ የሚደርሰው 6,900 ነው ተባልኩ። የቀረው በኢንሹራንሱ ወጪ፣ በኮሚሽንና «ሰረንደር ቻርጅ» በሚሉት የመውጫ ቅጣት ሄዷል። ሁሉም ወረቀቱ ላይ ተጽፎ ነበር። ገጽ 11 ላይ።

ሰውየውን አልጠላሁትም። እሱም በሦስት ቀን ሥልጠና የተነገረውን ነው የነገረኝ። ግን ከመጀመሪያው ዓመት ክፍያዬ ብዙው ለእሱና ከበላዩ ላሉት እንደሚሄድ አላወቅሁም ነበር። ባውቅ ቡናውን ጠጥተን እንለያይ ነበር።

«ሆል ላይፍ» እና «አይዩኤል» የሚባሉት፣ ቁጠባ የተቀላቀለባቸው የሕይወት ኢንሹራንስ ፖሊሲዎች የሚጠቅሙት ሰው የለም ማለት አይቻልም። 401ኬውንም (በአሠሪ በኩል የሚቆጠብበትን የጡረታ ሒሳብ) አይአርኤውንም (በግል የሚከፈተውን) ሞልቶ የተረፈው፣ ወይም ዕድሜ ልኩን የእሱን እርዳታ የሚፈልግ ልጅ ያለው ሰው ሊያስበው ይችላል። ትንንሽ ልጆች ኖሯችሁ «ብሞት ምን ይሆናሉ?» የሚለው ከሆነ ጭንቀቱ፣ ለተወሰኑ ዓመታት ብቻ የሚሸፍነው «ተርም» የሚባለው ኢንሹራንስ በጣም ባነሰ ዋጋ ይሸፍነዋል። የተረፈውን ብር ለጡረታ ለብቻው ማስቀመጥ ይቻላል።

ፈርመው ከሆነ ደግሞ ቀኑን ይቁጠሩ። «ፍሪ ሉክ» የሚባል ጊዜ አለ፤ በአብዛኛው ስቴት ቢያንስ 10 ቀን ነው። በዚያ ውስጥ ከመለሱት ገንዘብዎ ይመለሳል። ቀኑ ካለፈ ግን ተናድደው አያፍርሱት። መጀመሪያ የመውጫ ቅጣቱ በየዓመቱ ስንት እንደሚቀንስ በጽሑፍ ያስልኩ፣ ከዚያ ኮሚሽን ለማይቀበል ሰው ያሳዩት።

አማካሪው እውነተኛ መሆኑን በምን አጣራለሁ?

ነፃ ነው፤ አሥር ደቂቃም አይፈጅም። የፌዴራሉ ተቆጣጣሪ ኤስኢሲ «ኢንቨስትመንት አድቫይዘር ፐብሊክ ዲስክሎዠር» የሚባል ገጽ አለው። የብሮከሮቹ ተቆጣጣሪ ፊንራ ደግሞ «ብሮከርቼክ» አለው። ስሙን ያስገቡ። ፈቃድ አለው ወይ? ተከሶ ያውቃል? ስንት ድርጅት ቀያይሯል? ይወጣል።

ከዚያ «ፎርም ኤዲቪ፣ ክፍል ሁለት» የሚባለውን ይጠይቁት። አማካሪው እንዴት እንደሚከፈለውና ምን የጥቅም ግጭት እንዳለበት በራሱ ቃል የጻፈበት ሰነድ ነው። ለመስጠት የሚያቅማማ ከሆነ ቦርሳዎን ይያዙና ይውጡ።

ስሙ ጭራሽ ካልተገኘ፣ «በወር ይህን ያህል ትርፍ ዋስትና አለው» ካለ፣ «ለአበሻ ብቻ ነው፣ ለሌላ ሰው አትንገሩ» ካለ፣ ቼኩን በግል ስሙ ጻፉልኝ ካለ፣ ነገሩ ኢንቨስትመንት አይደለም። አሜሪካኖቹ በአንድ ማኅበረሰብ ውስጥ ያለውን መተማመን ተጠቅሞ የሚሠራውን ማጭበርበር የራሱ ስም ሰጥተውታል። በየቤተ እምነቱና በየስደተኛው ማኅበረሰብ የደረሰ ነገር ነው። «የእኛው ልጅ ነው» የሚለው ቃል ማጣሪያ አይሆንም።

ገንዘቤ ትንሽ ነው። አማካሪ ያስፈልገኛል?

ምናልባት አያስፈልግዎትም። ተቀጣሪ ከሆኑ መጀመሪያ ኤችአር ጋር ሄደው «401ኬ አለ? ማች ታደርጋላችሁ?» ብለው ይጠይቁ። ለምሳሌ ደሞዝዎ 50,000 ከሆነና አሠሪው እስከ 6 ፐርሰንት ድረስ ግማሹን የሚጨምር ከሆነ፣ እርስዎ 3,000 ሲያስቀምጡ እሱ 1,500 ይጨምራል። ይህን ትቶ ሌላ ቦታ ትርፍ ፍለጋ መሄድ መሬት ላይ የወደቀን ገንዘብ ረግጦ ማለፍ ነው።

ውስጡ ምን እንደሚመርጡ ግራ ከገባዎ፣ ጡረታ የሚወጡበት ዓመት የተጻፈበት «ታርጌት ዴት ፈንድ» አለ። ዕድሜዎ ሲገፋ ራሱ እየተጠነቀቀ ይሄዳል። ክፍያው ዝቅተኛ መሆኑን ብቻ ይመልከቱ።

ከሥራ ቦታ ውጭ ታክስ የተከፈለበት ገንዘብ የሚገባበትን ሮስ አይአርኤ መክፈት ይቻላል። በ2025 እስከ 7,000 ዶላር፣ 50 ዓመት ከሞላዎ እስከ 8,000። ለእኛ ሰው የምወደው በአንድ ምክንያት ነው። ያስገቡትን ዋናውን ገንዘብ በፈለጉ ጊዜ ያለ ታክስና ያለ ቅጣት ማውጣት ይችላሉ። ትርፉ ግን ይቆያል። አገር ቤት ድንገት አንድ ነገር ሲፈጠር ምን እንደምናደርግ እናውቃለን። 401ኬን ግን ከ59 ዓመት ተኩል በፊት ቢነኩት፣ በሕጉ ከተዘረዘሩት ምክንያቶች ውጭ፣ ከታክሱ ሌላ ካወጡት ገንዘብ 10 ፐርሰንት ቅጣት ይጨመራል።

ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላም አለ። ገቢው ዝቅ ያለ ሰው ለጡረታ ሲያስቀምጥ «ሴቨርስ ክሬዲት» የሚባል የታክስ ቅናሽ ያገኛል። ለ2025 ለባልና ሚስት የገቢ ጣሪያው 79,000፣ ለነጠላ 39,500 ነው። ታክስ ሠሪዎ ካልጠየቀዎ እርስዎ ይጠይቁት።

ኡበር ነው የምነዳው። 401ኬ የለኝም። እኔስ?

ይህ ጥያቄ ያሳስበኛል። የብዙዎቻችን ታሪክ ስለሆነ።

በራሱ የሚሠራ ሰው የሶሻል ሴኪውሪቲ (የመንግሥት ጡረታ) እና የሜዲኬር (የአረጋውያን የጤና ኢንሹራንስ) ታክስን የሠራተኛውንም የአሠሪውንም ድርሻ ራሱ ይከፍላል፤ 15.3 ፐርሰንት ነው። የሚሰላው ግን ከጠቅላላው ገቢ ላይ ሳይሆን ከወጪ በኋላ በሚቀረው ላይ ነው። 60,000 አስገብተው የነዱበትን ማይልና ሌላውን ወጪ ሲቀንሱ ወረቀቱ ላይ 20,000 ይቀራል እንበል። ኤፕሪል ላይ ታክሱ ስላነሰ ደስ ይላል። ሶሻል ሴኪውሪቲ ግን የሚያውቅዎት 20,000 እንደሚያገኝ ሰው ነው። ጡረታዎን የሚያሰላው በዚያ ነው።

የሶሻል ሴኪውሪቲ ስሌት ደግሞ ከፍተኛ ገቢ ያገኙባቸውን 35 ዓመታት ይወስዳል። በ40 ዓመትዎ መጥተው እስከ 67 ቢሠሩ 27 ዓመት ነው። የቀሩት ስምንቱ ዓመታት ዜሮ ሆነው ይገባሉ። ስለዚህ ሁለት ነገር ይደራረብብናል፦ አርፍደን ጀመርን፣ የጀመርነውንም አሳንሰን ጻፍን።

ሕጋዊ ወጪን መቀነስ መብትዎ ነው፤ ይተዉት አልልም። የምለው የታክሱን ልዩነት አይብሉት ነው። በራሱ የሚሠራ ሰው «ሴፕ አይአርኤ» ወይም «ሶሎ 401ኬ» መክፈት ይችላል። ከትርፉ ወደ 20 ፐርሰንት አካባቢ በሴፕ ማስገባት ይፈቀዳል፤ ታክስም ይቀንሳል። በየሳምንቱ ክፍያ ሲገባ 50 ዶላር እንኳ ወዲያ ቢያደርጉ መጀመር ማለት ነው።

ዛሬ ማታ አንድ ነገር ያድርጉ። የሶሻል ሴኪውሪቲ ድረ ገጽ ላይ የራስዎን አካውንት ይክፈቱ። ዓመት በዓመት የተመዘገበልዎት ገቢ ተደርድሮ ይወጣል። አንድ ወዳጄ ሲያየው ሦስት ዓመት ሙሉ ዜሮ ሆኖ አገኘው። በጥሬ ገንዘብ የሚከፍል ሬስቶራንት የሠራበት ጊዜ ነው። ጡረታ ለማግኘት 40 ክሬዲት (ገቢ ሲመዘገብ የሚቆጠር ነጥብ) ያስፈልጋል፤ በዓመት የሚገኘው ቢበዛ አራት ነው። በ2025 አራቱን ለማግኘት 7,240 ዶላር ገቢ ማስመዝገብ ይበቃል። እነዚያ ሦስት ዓመታት 12 ክሬዲት ነበሩ።

የሶሻል ሴኪውሪቲ ጡረታዬን በ62 ዓመቴ ልውሰድ ወይስ ልጠብቅ?

በ1960 እና ከዚያ በኋላ ለተወለደ ሰው ሙሉ ጡረታ የሚጀምረው በ67 ነው። በ62 ከወሰዱ በ30 ፐርሰንት ያንሳል፤ ዕድሜ ልክ እንዳነሰ ይቀራል። እስከ 70 ከጠበቁ በ24 ፐርሰንት ይጨምራል። ጤናዎ፣ ሥራዎ ምን ያህል ጉልበት እንደሚጠይቅ፣ ባለቤትዎ የራሷ ጡረታ ያላት መሆኑ ይወስነዋል። ባልና ሚስት አብረው የሚያስሉት ነገር ነው። ለአንድ ሰዓት ምክር መክፈል የሚያዋጣበት ቦታ ቢኖር ይህ ነው።

ሥራ ቀየርኩ። የድሮው 401ኬ ምን ይሁን?

ስልክዎ መጮህ የሚጀምረው አሁን ነው። ተቀማጩን «ወደ እኔ አዙሩት» የሚል ሁሉ ይደውላል። ምክንያቱም አማካሪው ፐርሰንት የሚቆጥርበት ገንዘብ የሚገኘው በዚህ ጊዜ ነው።

አራት መንገድ አለዎት። እዚያው መተው፣ ወደ አዲሱ አሠሪ ፕላን ማዛወር፣ ወደ አይአርኤ ማዛወር፣ ወይም ጥሬውን ማውጣት። የመጨረሻውን ይተዉት። ከሌሎቹ የሚሻለው በክፍያው ይታወቃል። ካዛወሩ ደግሞ ገንዘቡ ከድርጅት ወደ ድርጅት በቀጥታ ይሂድ። ቼኩ በእርስዎ ስም ከተጻፈ 20 ፐርሰንቱ ለታክስ ይያዛል፤ ሙሉውን፣ የተያዘውን ጭምር ከኪስዎ ሞልተው፣ በ60 ቀን ውስጥ ካላስገቡ እንዳወጡት ይቆጠራል።

አዲስ አበባ ቤት አለኝ። እሱ ጡረታዬ አይሆንም?

ሊሆን ይችላል። አገር መግባት ለሚያስብ ሰው የራስ ጣሪያ ትልቅ ነገር ነው። ብቸኛው ጡረታ ሲሆን ነው የምፈራው።

ሐምሌ 2016 ላይ፣ በፈረንጆቹ ጁላይ 2024 መጨረሻ፣ ብር በገበያ ዋጋ እንዲመራ ተወሰነ። ከዚያ በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ ነበር። የፈረንጆቹ ዓመት ሳያልቅ ከ120 በላይ ሆነ። በወር 40,000 ብር የሚከራይ ቤት በባንኩ ዋጋ 700 ዶላር ያመጣ የነበረው ወደ 320 ወረደ። ኑሮዎ አዲስ አበባ ከሆነ ጉዳቱ ይለያል፤ የቤቱ ዋጋም በብር ሊጨምር ይችላል። ግን ሜሪላንድ ሆነው የመድኃኒት ወጪ በዶላር ለሚከፍሉ ሰው ኪራዩ በግማሽ ተቆረጠ ማለት ነው።

ሌላው፣ አገር ቤት የባንክ ሒሳብ ካለዎት። ከአሜሪካ ውጭ ያለዎት ሒሳብ ሁሉ ተደምሮ በዓመቱ ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ከ10,000 ዶላር ካለፈ «ኤፍባር» የሚባል ሪፖርት ማቅረብ ግዴታ ነው። ግሪን ካርድ ያለውም ይመለከተዋል። ታክስ አይደለም፣ ማሳወቅ ብቻ ነው። ባለማሳወቅ የሚመጣው ቅጣት ግን ከባድ ነው። የኪራይ ገቢውም እዚህ ታክስ ላይ መግባት አለበት።

እቁብስ?

እቁብ እወዳለሁ፤ እጥላለሁም። ዳኛውን አውቀዋለሁ፣ ጸሐፊውን አውቀዋለሁ። ቁጠባን ያስለምዳል፤ ወለድ ግን የለውም፣ አያድግም። እጣዎ ሲወጣ ከፊሉን ሮስ አይአርኤ ውስጥ ያስገቡት። እቁቡ ዲሲፕሊኑን ሰጠ፣ አይአርኤው ያሳድገዋል።

ጡረታ ወጥቼ ኢትዮጵያ ብገባ ገንዘቡ ይከተለኛል?

የአሜሪካ ዜጋ ከሆኑ የሶሻል ሴኪውሪቲ ጡረታዎ ኢትዮጵያም ሆነው ይከፈልዎታል፤ አሜሪካ ባለ ባንክ ሒሳብ ይገባልዎታል። በግሪን ካርድ ከሆኑ ስድስት ወር ሲያልፍ ሌላ ደንብ ይመጣል፤ ትኬት ከመቁረጥዎ በፊት ቢሮው ሄደው ይጠይቁ።

እናት አባቶቻችን የሚያገኙት ኤስኤስአይ (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ አረጋውያን የሚሰጠው ድጎማ) ግን የተለየ ነው። ከአሜሪካ ውጭ 30 ቀን ከቆዩ ይቋረጣል። ለፋሲካ ሄደው ለሰኔ የሚመለሱ እማማዎች ተመልሰው ሲደነግጡ አይቻለሁ። ሜዲኬርም ኢትዮጵያ ውስጥ ሐኪም ቤት አይከፍልም። «አገር ልገባ ነው» ብለው የሐኪም ወጪ የሚሸፍነውን የሜዲኬር ክፍል፣ ፓርት ቢን፣ ቢያቋርጡትና በኋላ ቢመለሱ ደግሞ፣ ሳይኖራቸው ለቆዩበት ለየ12 ወሩ 10 ፐርሰንት ቅጣት ወርሃዊ ክፍያው ላይ ይጨመራል።

አማካሪውን መጀመሪያ ስገናኘው ምን ልጠይቀው?

ባለቤትዎን ይዘው ይሂዱ። እንግሊዝኛው የሚያስቸግር ከሆነ ልጅዎን ወይም የሚያምኑትን ሰው ይጨምሩ፤ ምንም አያሳፍርም። ከዚያ እንዲህ ይበሉት፦ ሁልጊዜ፣ በሁሉም ጉዳይ፣ ባለአደራዬ ነዎት? ከእኔ ሌላ ማን ይከፍልዎታል? የእርስዎንም የፈንዱንም ክፍያ ደምረው በዓመት ስንት ዶላር እከፍላለሁ፣ በፐርሰንት ሳይሆን በዶላር? ልውጣ ብል ምን ያስከፍለኛል? ገንዘቤ የሚቀመጠው እርስዎ ዘንድ ነው ወይስ ሌላ ራሱን የቻለ ድርጅት ዘንድ?

የሚሰጥዎትን መልስ በኢሜይል እንዲልክልዎት ይጠይቁ። ኢሜይሉ እስኪመጣ ድረስ ምንም አይፈርሙ።